ሌላውን ላግዝ ብዬ ስለ ራሴ አወራለሁ፤ ምን ይሻለኛል?

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ፎቶግራፍ አንሺ ነኝ። ለዓመታት ፔጄ ላይ የምለጥፈው የራሴን ሥራ ብቻ ነበር። ላይክ እየቆጠርኩ። አሁን ግን ሰለቸኝ። የማውቀውን ለጀማሪዎች ላካፍል ብዬ ተነሳሁ፤ እዚያው ላይ ተቀረቀርኩ።

አንዲት ልጅ ቤት ውስጥ የምታነሳቸው ፎቶዎች ለምን እንደሚደበዝዙ ጠየቀችኝ። መልሱ ቀላል ነበር። ካሜራውን በእጇ ይዛ በ1/15 ሰከንድ የሻተር ፍጥነት (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ) ነው የምታነሳው። በዚህ ፍጥነት እጅ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ምስሉ ይበላሻል። "ፍጥነቱን ወደ 1/125 ከፍ አድርጊው፤ የሚጎድለውን ብርሃን አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) በመጨመር ወይም የሌንሱን ቀዳዳ በማስፋት አካክሺው" ብላት ይበቃ ነበር። እኔ ግን ስለ መጀመሪያ ሥራዬ ረጅም ታሪክ ጻፍኩላት፣ አምስት የራሴን ፎቶ አያይዤ። "ያምራሉ" ብላ መለሰች። ከዚያ ድምጿ ጠፋ። (እውነቱን ለመናገር፣ "ያምራሉ" ስትለኝ ደስ ብሎኝ ነበር። እሱ ነው ያሳፈረኝ።)

ሌላም አለ። የሚላኩልኝን ፎቶዎች ሳስተካክል ሁሉም የእኔን መስለው ያርፋሉ። ጥላው፣ ከለሩ፣ ሁሉ ነገር።

ወደ ማስተማር የዞራችሁ ሠዓሊዎች፣ ጸሐፊዎች፣ ዲዛይነሮች፣ እስቲ ንገሩኝ። የራስን ልምድ መንገር እስከ ምን ድረስ ነው የሚጠቅመው? አስተያየት ከመስጠታችሁ በፊት ምን ትጠይቃላችሁ? የራሴንስ ሥራ ልተወው ወይስ ጎን ለጎን ላስኪደው? ለልጅቷ ደግሞ አሁን መልሱን ብቻ ብልክላት ረፍዷል?