የጆርጅ ጆንስ «ኋይት ላይትኒንግ» በየትኛው መደርደሪያ ይቀመጥ?

የሸክላ ወዳጅ (ጠያቂ)፦

ጤና ይስጥልኝ። ከአጎቴ የወረስኩትን የሸክላ ስብስብ በየዘውጉ ለይቼ በመደርደር ላይ ነኝ። የዶን ዊሊያምስና የኬኒ ሮጀርስ ሸክላዎች አላስቸገሩኝም፤ በልጅነቴ ቤታችን ውስጥ ስሰማቸው ስላደግሁ ዓይኔን ጨፍኜም ቢሆን ከካንትሪው መደርደሪያ ላይ አኖራቸዋለሁ። ያስቸገረኝ አሜሪካዊው የካንትሪ ዘፋኝ ጆርጅ ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1959 ያወጣው «ኋይት ላይትኒንግ» («ነጭ መብረቅ»፤ ተደብቆ የሚወጣ አረቄ ቅጽል ስም) የተሰኘ ነጠላ ዜማ ነው (ከዚህ በታችም ዘመኑን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር እንጻፍ)። እኔ ጆንስን የማውቀው በ1980 ባወጣው፣ አንዲትን ሴት እስከ ዕለተ ሞቱ ስላፈቀረ ሰው በሚተርከው ልብ ሰባሪ ዘፈኑ ነው። በዚህኛው ግን አባቱ በሰሜን ካሮላይና ኮረብቶች ተደብቆ ስለሚያወጣው የበቆሎ አረቄ እየተጣደፈና እየሳቀ ይዘፍናል፤ ድራሙም ሁለተኛውንና አራተኛውን ምት ያለ ርኅራኄ ይደበድባል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስሰማው ሸክላ የተሳሳትኩ መስሎኝ መርፌዋን አንሥቼ ጽሑፉን እንደገና አነበብኩት።

ይህ ዘፈን በአሜሪካ የካንትሪ ዘፈኖች የተወዳጅነት ሠንጠረዥ ላይ ለአምስት ሳምንት አንደኛ ሆኖ እንደቆየ አንብቤአለሁ። የሮክ ኤንድ ሮል ጣዕም ያለው ነገር እንዴት በካንትሪው ሰገነት ላይ ሊወጣ ቻለ? ዘፋኙስ መንገዱን ሊቀይር አስቦ ነበር ወይስ የአንድ ጊዜ ጨዋታ ነው? በነገራችን ላይ የእኔው ሸክላ ወደ መጨረሻው ግድም መርፌዋን የምታዘልል ጭረት ስላለችበት፣ የተሻለ ቅጂ ያለው ሰው ቢጠቁመኝ ደስ ይለኛል።

ባለ ቤዙ፦

ጥያቄዎ ጥሩ ነው፤ የመልሱ ግማሽ ዘፈኑን ማን ጻፈው ከሚለው ላይ የሚገኝ ይመስለኛል። ደራሲው ጄ. ፒ. ሪቻርድሰን ነው፤ የሮክ ኤንድ ሮል አድማጭ ይህን ሰው የሚያውቀው «ቢግ ቦፐር» በሚለው የመድረክ ስሙና በ1958 ባወጣው «ሻንቲሊ ሌስ» ነው። ሪቻርድሰን በቴክሳስ፣ በቦሞንት ከተማ የሬዲዮ ጣቢያ አስተዋዋቂ ነበር፤ ጆንስም በዚያው ጣቢያ ሠርቷል። ጆኒ ፕሬስተን «ራኒንግ ቤር» የተባለውን የሪቻርድሰን ድርሰት ሲቀዳ ከኋላ የሚሰማውን ጩኸት ካሰሙት መካከል ሪቻርድሰንና ጆንስ ይገኙበታል። ስለዚህ የካንትሪው ዘፋኝ ሮክ ኤንድ ሮልን ባሕር ተሻግሮ አላመጣውም፤ ከሥራ ባልደረባው እጅ ተቀበለው እንጂ። የሚያሳዝነው ሪቻርድሰን ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1959 ከሮክ ኤንድ ሮል ዘፋኞቹ ከባዲ ሆሊና ከሪቺ ቫለንስ ጋር አይዋ ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ፤ «ኋይት ላይትኒንግ» ደግሞ ገበያ ላይ የዋለው ከስድስት ቀን በኋላ ነው። የዘፈኑን ድል አላየም።

አሁን ወደ ድምፁ ልመለስ። እኔ ቤዝ ተጫዋች ስለሆንኩ ጆሮዬ የሚሄደው ወደዚያው ነው፤ ሸክላውን ደግመው ሲያሰሙት ዘፋኙን ትተው ቤዙን ብቻ ይከተሉ። በዚያ ዘመን በነበረው በብዙው የካንትሪ ዘፈን ቤዝ አንደኛውንና ሦስተኛውን ምት ረገጥ ረገጥ እያደረገ በትሕትና ይጓዛል። እዚህ ግን ባዲ ኪለን በትልቁ የእንጨት ቤዝ ላይ ዕረፍት የለሽ ሩጫ ይሮጣል፤ ዘፈኑን የሚጎትተው እርሱ ነው። ፒያኖውን የሚጫወተው ሃርገስ «ፒግ» ሮቢንስ ነው፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ዓይነ ስውር የነበረና ገና ሃያዎቹ መግቢያ ላይ የሚገኝ ወጣት ሲሆን፣ በካንትሪ ሙዚቃ መዲና በናሽቪል ስሙ የተጠራው በዚህ ቅጂ ነው።

ስለ ቀረጻው ዕለት ጆንስ ራሱ በግለ ታሪኩ የተናገረውን ልጨምር። ወደ ስቱዲዮ የገባው ስለ አረቄ ለመዝፈን ብቻ ሳይሆን ጠግቦ ጠጥቶም ነበር፤ ድምፁን አሳክቶ ለማስቀዳትም ሰማንያ ጊዜ ያህል ተደጋገመ። በጊዜው ዘፋኙና ባንዱ በአንድ ክፍል ውስጥ አብረው ነበር የሚቀዱት፤ ስለሆነም ዘፋኙ አንዲት ቃል በሳተ ቁጥር ባንዱ ሁሉ ከሀ ይጀምራል። ያንን የቤዝ ሩጫ ሰማንያ ጊዜ መድገም ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የኪለን ጣቶች ውኃ ቋጠሩ፤ ጥሎ ሊወጣ ዛተ፤ አልፎም ጆንስን እመታዋለሁ እስከማለት ደረሰ። ከዚያ ሁሉ ልፋት በኋላ ፕሮዲዩሰሩ ፓፒ ዴይሊ የመረጠው የመጀመሪያውን ቅጂ ነበር። በዚያ ቅጂ ላይ ጆንስ አንድ ከተሜ አረቄውን በአንድ ትንፋሽ የሚጎነጭበት ስንኝ ጋ ሲደርስ ምላሱ ተይዞ የቃሉን መጀመሪያ ይንተባተባል፤ ስሕተቱ ሳይታረም ከነነፍሱ ታተመ።

የናሽቪሉ፦

የባለ ቤዙ ማብራሪያ መልካም ነው፤ ነገር ግን ወዳጅነት ብቻውን ይህን ዘፈን አይወልደውም የሚል አስተያየት አለኝ፤ ምክንያቱም ጆንስ ከዚያ በፊት ሮክ ኤንድ ሮልን ሞክሮ ወድቆ ነበር። ኤልቪስ ፕሪስሊ በጁላይ 1954 ሜምፊስ ውስጥ የመጀመሪያውን ሸክላ ሲያስቀርጽ በአንደኛው ገጽ የጥቁሮች ብሉዝ፣ በሌላው ገጽ የቢል ሞንሮ ብሉግራስ (የካንትሪ አንዱ ዘርፍ) ነበረበት፤ ከዚያች ዕለት ወዲህ ወጣቱ አድማጭ ወደዚያው ጎረፈና የካንትሪ ዘፋኞች ገበያ ተናጋ። ጆንስም በ1955 «ዋይ ቤቢ ዋይ» በተባለው ዘፈኑ አራተኛ ደረጃ ደርሶ ገና መታወቅ እንደጀመረ፣ በቀጣዩ ዓመት «ተምፐር ጆንስ» በሚል የሐሰት ስም ሁለት የሮካቢሊ (ካንትሪና ሮክ ኤንድ ሮል የተዋሐዱበት ስልት) ዘፈኖች አወጣ። ስሙን መደበቁ የካንትሪ አድማጩ እንዳይቀየመው ይመስላል። ሸክላው ግን አልተሸጠም፤ ጆንስ ራሱም ቢሆን በኋላ ዘመኑ እነዚያን ሸክላዎች ባገኘ ቁጥር አየር ላይ እያንሳፈፈ እንደሚጫወትባቸው በፌዝ ተናግሯል።

ሁለቱን አከታትለው ቢሰሟቸው ልዩነቱ ይገባዎታል። በ1956ቱ ላይ ሰውዬው የሌላ ሰው ኮት ለብሶ እጅጌው ረዝሞበታል፤ እየጮኸ የሚዘፍነው ሌሎች ስለጮኹ ነው። በ1959ኙ ላይ ግን ያው የቴክሳስ አነጋገሩ፣ ቃልን በጥርሱ መሃል ይዞ የሚያጥፈው ያው አዘፋፈኑ አለ፤ ከበታቹ ያለው ምት ብቻ ተለውጧል። ለእኔ ሮክ ኤንድ ሮሉ የሠመረለት ሊሆንበት መጣሩን ሲተው ነው።

ዘፈኑ የተቀዳው እዚሁ ከተማ፣ አሥራ ስድስተኛው ጎዳና ላይ በነበረው የኦወን ብራድሊ ስቱዲዮ ነው። ናሽቪል ከከተምኩ አሥራ ሁለት ዓመቴ ሲሆን በዚያ ሰፈር አዘውትሬ አልፋለሁ። የሚገርመው፣ ብራድሊ ብዙም ሳይቆይ ካንትሪን በቫዮሊን ሕብርና በለሰለሰ አጃቢ ድምፅ አስውቦ ለከተሜው ጆሮ በማቅረብ የታወቀ ሰው መሆኑ ነው። ሮክ ኤንድ ሮል ለነጠቀው አድማጭ ካንትሪ የሰጠው ዋነኛ መልስ ያ ነበር፤ «ኋይት ላይትኒንግ» ከዚያው ቤት በተቃራኒው በር የወጣ ልጅ ነው።

ደጋው ሰው፦

ሁለታችሁም ስለ ምቱ ብዙ ብላችኋል፤ እኔ ግን ዘፈኑ ካንትሪ ነው ብዬ እከራከራለሁ፤ ማስረጃዬም ቁጥሩና ታሪኩ ነው። በኤፕሪል 1959 በካንትሪው ሠንጠረዥ አንደኛ በወጣበት ወቅት፣ ዘውግ ሳይለይ በሚደረድረው የሙዚቃ መጽሔቱ የቢልቦርድ አጠቃላይ የመቶ ዘፈኖች ሠንጠረዥ ላይ ያገኘው ከፍተኛ ደረጃ 73ኛ ነው። የሮክ ኤንድ ሮል ወጣት ቢቀበለው ኖሮ እዚያ ባልቀረ ነበር። ሸክላውን የገዛውና በሬዲዮ ያጫወተው የካንትሪው ሕዝብ ነው፤ ያ ሕዝብ ደግሞ በድራሙ አልተደናገጠም፤ የሚወራለትን ያውቀዋልና።

የሚወራው ምንድን ነው? ቀረጥ ሳይከፍል በጫካ ተደብቆ አረቄ ስለሚያወጣ አባትና የመንግሥት ገቢ ሰብሳቢዎች ማውጫውን ፍለጋ ኮረብታ ለኮረብታ ስለመንከራተታቸው ነው። ይህ የአፓላቺያ ተራሮች የቆየ ወግ እንጂ የከተማ ጎረምሳ የመኪናና የዳንስ ታሪክ አይደለም። የእኛ አገር አንባቢም ቢሆን ዳግም አረቄ ሲወጣ አጠገቡ ተቀምጦ የሚያውቅ ከሆነ፣ ጆንስ ከጎነጨ በኋላ በከንፈሩ የሚያሰማውን ያን የትንፋሽ ድምፅ ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

መንገድ ስለመቀየሩ ለተጠየቀው፦ በዚያው ዓመት «ሁ ሾት ሳም» በሚል በተመሳሳይ ስልት ሌላ ዘፈን አውጥቶ በካንትሪው 7ኛ ሆነ። በ1960 ግን «ዘ ዊንዶው አፕ አቦቭ» በተባለው የክህደት ዘፈን 2ኛ ወጣ፤ በ1961 እና በ1962ም አንደኛ የወጣባቸው ዘፈኖች ለስለስ ያሉና ኀዘንተኛ ነበሩ። የሰውዬው እውነተኛ ቤት ያ ነበር፤ ሩጫውን ለመድረክ ማሟሟቂያ ብቻ አስቀረው።

የሸክላ ወዳጅ (ጠያቂ)፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የደጋው ሰው የቁጥር ክርክር አሳምኖኛልና ከካንትሪው መደርደሪያ ላይ አኑሬዋለሁ፤ ሆኖም ባለ ቤዙን ላለማስቀየም ከመጨረሻው ጠርዝ፣ ለሮክ ኤንድ ሮሉ በሚቀርበው በኩል ነው።

አንድ ነገር ግን ማረም አለብኝ። ባለ ቤዙ እንዳለው ዛሬ ማታ በማዳመጫ ደግሜ ሰማሁት። ጭረት ናት ብዬ የነገርኳችሁ ቦታ ላይ ስደርስ መርፌዋን በዓይኔ ተከታተልኳት፤ ፈጽሞ አልዘለለችም። ከተሜው በሚጎነጭበት ስንኝ ላይ የተያዘው የጆንስ ምላስ ነው። ያቺን ቦታ ሁለት ጊዜ በጨርቅ አጽድቻት ነበር። ሌላ ቅጂ ፍለጋውን ትቼዋለሁ።