አከራዬ እኔ ሥራ ላይ እያለሁ በትርፍ ቁልፍ ቤቴ ይገባሉ፤ ምን ላድርግ?

የገርጂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ገርጂ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ ነው የምኖረው። መጸዳጃ ቤቱና ውሃው የጋራ ነው፤ ቆጣሪውም አንድ ስለሆነ መብራት ተካፍለን እንከፍላለን። አከራዬ እናቴን የሚያህሉ ሴት ናቸው። በዓል ሲሆን ከወጡ ይልኩልኛል፤ ታምሜ ስተኛ አጥሚት አፍልተው አጠጥተውኛል። ክፉ ሰው ናቸው ብዬ አይደለም የምጽፈው።

ግን ሥራ ስሄድ በትርፍ ቁልፍ ከፍተው ይገባሉ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት የኤሌክትሪክ ምድጃዬ ገመድ ተነቅሎ በሥርዓት ተጠቅልሎ ሳገኘው ነው። ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ ራሳቸው «ያ ሰማያዊ ቀሚስሽ ለእህትሽ ሠርግ ይሆንሻል» አሉኝ። ያንን ቀሚስ አንድ ቀን ለብሼው አላውቅም። ከነላስቲኩ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው ያለው! «እትዬ፣ ገብተው ነበር እንዴ?» ብላቸው «አዎ፣ ምድጃ ጥዳ ረስታ እንዳይሆን ብዬ ነው፤ ደግሞስ የገዛ ቤቴ አይደል?» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ወደ ቤት ስገባ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ዕቃዬን መፈተሽ ሆኗል ሥራዬ። የውስጥ ልብስ እንኳ ክፍሌ ውስጥ ማስጣት ተሳቀቅኩ። የጽሑፍ ውል የለንም፤ «ግብር ያመጣብኛል» ብለው በቃል ነው የተስማማነው። ቁልፍ ብቀይር «ውጪልኝ» ይሉኝ ይሆን? ሕጉስ ምን ይላል?

ጀሞ 2፦
ቁም ሳጥን ድረስ? ይሄ እንኳን ከአከራይ ከእናትም አይጠበቅም። እኔ ብሆን ዛሬውኑ ነበር የምቀይረው።

የሕግ ተማሪ የነበረው፦
እህቴ፣ ነገሩን ያበላሸው «የገዛ ቤቴ» የሚለው ነው። ጣሪያና ግድግዳው የሳቸው ነው፤ ማንም አይከራከራቸውም። ክፍሉን ግን አከራይተውታል፤ ኪራይ እየተቀበሉሽ የምትኖሪበት መኖሪያ ያንቺ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የሰው ግላዊ ሕይወትና መኖሪያ እንዲከበር ሲደነግግ ባለ ካርታና ተከራይ ብሎ አልለየም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም አንቀጽ 13 ላይ የሰው መኖሪያ እንደማይደፈር፣ ያለ ፈቃዱም ማንም ሊገባበት እንደማይችል ይናገራል። ወንጀል ሕጉም ዝም አላለም፤ ያለ ፈቃድ የሰው መኖሪያ መግባትን የሚመለከተውን አንቀጽ 604 አንብቢው።

አሁን ደግሞ ዋናውን ልንገርሽ። ክርክር ቢነሳ የሚጠየቀው «አይግቡ ብላ ነበር ወይ?» ነው። አንቺ እስካሁን «ገብተው ነበር እንዴ?» ብለሽ ጠየቅሽ እንጂ አይግቡ አላልሽም። ዝም ስትል ፈቀደች መስሎኝ ነው ቢሉ ምን ትመልሻለሽ? ስለዚህ በአክብሮት፣ ግን በጽሑፍ ንገሪያቸው። «እትዬ፣ እኔ በሌለሁበት ክፍሌ እንዳይገቡ እለምንዎታለሁ። የሚታይ ነገር ሲኖር ይደውሉልኝና እኔ ባለሁበት ይግቡ» ብለሽ በቴሌግራም ላኪላቸው፤ ስክሪንሾቱንም አስቀምጪ። ከዚያ በኋላም ከቀጠሉ፣ ይዞታው የተነካበት ሰው በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1149 «ሁከት ይወገድልኝ» ብሎ የሚከስበት መንገድ አለ። እዚያ ሳይደርስ በሽማግሌ ቢያልቅ ደስ ይለኛል፤ አጥሚት ያጠጡሽ ሰው ናቸው።

«ውጪልኝ» ስለሚሉት፦ የኪራይ ቁጥጥር አዋጁ፣ ቁጥር 1320/2016፣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ በጽሑፍ እንዲሆን፣ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዛል። ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር አይበልጥም። ስለዚህ የቃሉ ስምምነት ለሳቸውም አይበጃቸውም። ኪራዩን በእጅ የምትከፍዪ ከሆነ ከዚህ ወር ጀምሮ በባንክ አስገቢ፤ አዋጁም የሚለው ይሄንኑ ነው፣ ተከራይ ለመሆንሽም ማስረጃ ይሆንሻል።

አከራይም ነኝ፦
ከሌላው ወገን ልናገር። አንድ ቆጣሪ ላይ አራት ቤት ሲንጠለጠል ሰው ይሰጋል። ከተከራዬ ክፍል ጭስ ሲወጣ አይቼ በር ሰብሬ ገብቻለሁ፤ ያኔ ፈቃድ የሚጠይቅ የለም። ለዚህ ሲባል ግን ቁም ሳጥን አይከፈትም፤ ቀሚሱን ማየታቸው ከምድጃው ጋር ምን አገናኘው?

እኛ ግቢ እንዲህ ነው የምናደርገው። ትርፍ ቁልፉ በፖስታ ይታሸግና ተከራዩ ራሱ መዝጊያው ላይ ይፈርምበታል። ቧንቧ ቢፈነዳ ወይም እሳት ቢነሳ ፖስታው ይቀደዳል፤ ያኔውኑ ይደወልለታል። ተቀዶ ከተገኘ ጠያቂ አለበት። እኔም ከጥርጣሬ ድኛለሁ። ባለፈው አንዷ ወርቅ ጠፋብኝ ስትል ፖስታው እንደታሸገ አውጥቼ አሳየኋት።

የገርጂዋ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የፖስታው ነገር ልቤ ውስጥ ገብቷል፤ እሳቸውንም የሚያስከፋ አይመስለኝም። መልእክቱን አሁን ልኬያለሁ፤ እስካሁን አላዩትም። ቁልፉን ግን ከመልሳቸው በፊት ልቀይር ወይስ ልጠብቅ?

የሕግ ተማሪ የነበረው፦
ጠብቂ። ነገ ማታ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ከተስማሙ ሲሊንደሩን ብቻ በራስሽ ወጪ አስቀይሪ፤ በሩ አይነካም፣ አሮጌውንም አስቀምጪው፣ ስትለቂ ትመልሺዋለሽ። አንዱን ቁልፍ እዚያው ፊታቸው አሽገሽ ፈርመሽ ስጫቸው። ውል ለመጻፍ እሺ ካሉሽም ይሄን አንድ መስመር አስገቢበት፦ «አከራይ ከአደጋ በቀር ከአንድ ቀን በፊት ሳያሳውቁና ተከራይ በሌለችበት አይገቡም»።