የሐዋሳ የጠቅላላ ዕውቀት ሊግ፦ ለጠቅላላ ጉባኤ በሚቀርበው የጋራ ሐሳብ ላይ የአባላት ውይይት

የማኅበሩ ጸሐፊ፦

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ በከተማችን በወር ሁለት ጊዜ የሚካሄድ የጠቅላላ ዕውቀት የጥያቄና መልስ ሊግ እንዲቋቋም ባለፈው ስብሰባ በመርህ ደረጃ ስለተስማማን፣ አሁን የሚቀረን ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበውን ሐሳብ በጽሑፍ ማሰናዳት ነው። ለመነሻ ያህል ስምንት ቡድኖች፣ በየቡድኑም ከአራት እስከ ስድስት ተወዳዳሪዎች እንዲኖሩ፣ በአንድ ምሽት አሥር አሥር ጥያቄ ያላቸው አምስት ዙሮች እንዲካሄዱ፣ ቀኑም ሐሙስ ከምሽቱ 12፡30 እስከ 3፡00 እንዲሆን አቀርባለሁ። ሐሙስን የመረጥሁት ረቡዕና ዓርብ የጾም ቀን በመሆናቸው፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ ቴሌቪዥኑንም ደንበኛውንም ስለሚወስድ ነው። ጥያቄዎቹ በማንና እንዴት እንደሚዘጋጁ የሚገልጸውን ክፍል ሆን ብዬ ባዶ ትቼዋለሁ፤ በእናንተ ሐሳብ እንዲሞላ እፈልጋለሁ።

የጂኦግራፊ መምህር የሆኑ አባል፦

ጸሐፊያችን ባዶ የተዉት ክፍል በእኔ አመለካከት የሐሳቡ ዋና አካል ነው። ሰው ምግቡ ቢዘገይ ይታገሣል፤ ትክክለኛ መልሱ ስሕተት ተብሎ ነጥብ ሲነሣበት ግን ለሁለተኛ ጊዜ አይመጣም። ስለዚህ ጥያቄ አዘጋጁ የሚያውቀውን ከማስታወሻው ገልብጦ ከማቅረቡ በፊት፣ መልሱ እስከ መቼ ድረስ ትክክል እንደሆነ ራሱን እንዲጠይቅ በደንብ መደንገግ ይኖርብናል።

ምሳሌውን ከራሳችን ከተማ ልጀምር። «ኢትዮጵያ ስንት ክልሎች አሏት?» የሚለው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ መልሱ ዘጠኝ ነበር። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የተካሄደውን ሕዝበ ውሳኔ ተከትሎ ሲዳማ በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ አሥረኛው ክልል ሆነ፤ በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ታከለ፤ በ2015 ዓ.ም. መገባደጃ ደግሞ ሐዋሳ ለረጅም ዘመን መቀመጫው የነበረችለት የደቡብ ክልል ቀርቶ የደቡብ ኢትዮጵያና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች በመመሥረታቸው ቁጥሩ አሥራ ሁለት ደረሰ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ አራት የተለያዩ መልሶች ነበሩን ማለት ነው፤ እያንዳንዱም በጊዜው ትክክል ነበር። አዲስ አበባና ድሬዳዋ ከክልሎቹ ጋር ይቆጠሩ አይቆጠሩ የሚለውም በጥያቄው ካልተገለጸ ሌላ ክርክር ያስነሣል።

ከአገር ውጭም ነገሩ ያው ነው። በቆዳ ስፋት ከአፍሪካ አንደኛዋ አገር እስከ ጁላይ 2011 ድረስ ሱዳን ነበረች፤ ደቡብ ሱዳን ከተገነጠለች ወዲህ አልጄሪያ ሆናለች። የአፍሪካ ኅብረት አባላት ቁጥርም ሞሮኮ በፈረንጆቹ 2017 ስትመለስ ወደ 55 ከፍ ብሏል። በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ የአገራችን ቦታዎች በፈረንጆቹ 2023 የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድርና የባሌ ተራሮች ሲጨመሩ 11 ደረሱ፤ በ2024 ደግሞ መልካ ቁንጡሬ ተመዝግቦ 12 ሆኑ። ስለዚህ ማንኛውም ቁጥር ያለበት ጥያቄ መልሱ የተረጋገጠበትን ቀን በወረቀቱ ላይ እንዲይዝና ቢያንስ ከሁለት የተለያዩ ምንጮች እንዲመሳከር ሐሳብ አቀርባለሁ። ምንጮቹ ራሳቸው የማይስማሙበትን ጥያቄ ባናቀርበው ይሻላል። የራስ ዳሸንን ከፍታ የቆዩ መማሪያ መጻሕፍት 4,620 ሜትር ሲሉት ሌሎች 4,550 ወይም 4,533 ይላሉ፤ የተራራውን ስም መጠየቅ እንጂ ሜትሩን ማስቆጠር ተገቢ አይደለም።

ለስፖርት ዙር የተመደበ አባል፦

በመምህራችን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ የዘመን አቆጣጠርንም ጉዳይ እጨምርበታለሁ። አበበ ቢቂላ የሮሙን ማራቶን በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው በስንት ዓመተ ምሕረት እንደሆነ ብንጠይቅ፣ ብዙ ቡድኖች 1960 ብለው ይጽፋሉ፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ልክ ናቸው። ወደ እኛ አቆጣጠር ሲመለስ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከእንቁጣጣሽ እስከ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ሰባት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ስምንት ዓመት እንደሚቀነስ የሚያውቅ ተወዳዳሪ እንኳ፣ ወሩ ሴፕቴምበር ነው ብሎ ሰባት ቢቀንስ 1953 ይደርስበታል። ውድድሩ የተካሄደው ሴፕቴምበር 10 ነው፤ ይህም ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ ነበር። በአንድ ቀን ምክንያት ዓመቱ ይለወጣል። በመሆኑም ጥያቄው በየትኛው አቆጣጠር እንደሚመለስ በቃል እንዲነገር፣ በዳኛው ወረቀት ላይም ሁለቱም እንዲጻፉ እጠይቃለሁ። ለምሳሌ የዐድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. እና ማርች 1 ቀን 1896፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ምሥረታ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. እና ሜይ 25 ቀን 1963 ተብሎ ይቀመጣል።

ሌላው «የመጀመሪያ» የሚለው አገላለጽ ነው። ደራርቱ ቱሉ በፈረንጆቹ 1992 በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ስታሸንፍ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆናለች። አንዳንድ አዘጋጅ ይህን ሲያሳጥር «የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት» ይላል፤ ያ ስሕተት ነው። ሞሮኳዊቷ ናዋል ኤል ሙተዋኪል በ1984 በሎስ አንጀለስ በ400 ሜትር መሰናክል ወርቅ ወስዳለች፤ ከእርሷም በፊት ደቡብ አፍሪካዊቷ ኤስተር ብራንድ በ1952 በሄልሲንኪ በከፍታ ዝላይ አሸንፋለች። የደራርቱ ክብር በትክክለኛው አነጋገር ሲነገር የሚጎድለው ነገር የለም፤ እኛም በሚገባው ቃል ልንናገርላት ይገባል።

በጤና ተቋም የምትሠራ አባል፦

እስካሁን የተባለው መልካም ነው፤ እኔ ግን በሐዋሳ የሚካሄድ ሊግ የሐዋሳን ሰው ሁሉ ማካተቱን እንድናስብበት እፈልጋለሁ። ጥያቄዎቹ በአማርኛ ይነበቡ፤ መልሱ ግን በሲዳምኛም ሆነ በኦሮምኛ፣ በላቲንም ሆነ በግእዝ ፊደል ቢጻፍ፣ ነገሩ ትክክል እስከሆነ ድረስ ነጥብ ይሰጠው። ከአምስቱ ዙሮች አንዱም በአካባቢያችን ላይ የተመሠረተ ይሁን። የሲዳማ ዘመን መለወጫ የሆነው ፊቼ ጨምበላላ በ2015 በፈረንጆች አቆጣጠር በዩኔስኮ መመዝገቡን መጠየቅ ይቻላል፤ ከዚያ የሚሻለው ግን የበዓሉ ቀን እንዴት እንደሚወሰን መጠየቅ ነው፤ ምክንያቱም በተቆረጠ የወር ቀን ሳይሆን አያንቶዎች የሚባሉት የሲዳማ ኮከብ ቆጣሪዎች ከዋክብትን ተመልክተው የሚወስኑት በዓል ነው። ሽማግሌዎቻችን ይህን ያውቁታል፤ ወጣቱም ከእነርሱ ጋር በአንድ ጠረጴዛ እንዲቀመጥ ምክንያት ይሆነዋል።

እንዲሁም አስቦ የሚደረስባቸው ጥያቄዎች ይኑሩን። ሐይቃችን የጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል፤ ከላይ የሚታይ መውጫ ወንዝ ግን የለውም። እንዲህ ያለ ሐይቅ በትነት ብዛት ጨዋማ መሆን ሲገባው ለምን ጨዋማ አልሆነም? ውኃው በከርሰ ምድር በኩል ስለሚሰርግ ነው። ይህን በቃል ሸምድዶ የመጣ ሰው ባይኖር እንኳ፣ ስድስት ሰው ጠረጴዛ ላይ ተንሾካሹኮ ሊደርስበት ይችላል፤ የምሽቱ ደስታም ከሁሉ በላይ እዚያ ላይ ነው።

ስለ ቦታው አንድ ነገር አለኝ። ቤቱ ቢራ ቢሸጥም የማይጠጣ ሰው በለስላሳ ወይም በሻይ ሙሉ ምሽት እንዲቀመጥ ከባለቤቱ ጋር አስቀድመን እንስማማ። ማብቂያውም 3፡00 ሳይሆን 2፡45 ቢሆን ሴቶች አባላት ባጃጅ ሳይቸግራቸው ይመለሳሉ። ሐይቅ ዳር ያለ ክፍት ቦታ ያምራል፤ ነገር ግን ሙዚቃውና የወባ ትንኙ ስለሚያስቸግሩ በር የሚዘጋ አዳራሽና ጄኔሬተር ያለው ቤት እመርጣለሁ።

ሰብሳቢ፦

እህታችን ያነሣችውን ሰዓትም ቦታም ተቀብያለሁ። ቀሪው የነጥብ አያያዝ ነው። አንዳንዶቻችሁ የየምሽቱ ነጥብ እየተደመረ እንዲሄድ በቃል ነግራችሁኛል፤ በዚህ አልስማማም። የአንድ ምሽት ጥያቄዎች ከሌላው ቀላል መሆናቸው ስለማይቀር፣ በቀላሉ ምሽት የተገኘ 45 በከባዱ ምሽት ከተገኘ 30 ጋር እኩል አይመዘንም። ስለዚህ በየምሽቱ አንደኛ የወጣው ቡድን ስምንት፣ ሁለተኛው ሰባት፣ እንዲህ እያለ እስከ አንድ ድረስ የሊግ ነጥብ ይሰጥ፤ ያልመጣ ቡድን ዜሮ ያግኝ። እያንዳንዱ ቡድን ነጥቡ እጥፍ የሚቆጠርለትን አንድ ዙር ምሽቱ ሳይጀመር ያስመዝግብ። እኩል የሚወጡ ቡድኖች በቅርብ ግምት ይለዩ፦ ለምሳሌ የአበበ የሮም ሰዓት 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሴኮንድ ስለሆነ፣ ለዚያ ይበልጥ የተጠጋው ያሸንፋል።

የመልስ ወረቀት በጠረጴዛዎች መካከል ተለዋውጦ ይታረም። ስልክ ዙሩ እስኪያልቅ በየጠረጴዛው መካከል ተገልብጦ ይቀመጥ። ቅሬታ የሚቀርበው በቡድን መሪው ብቻ፣ ቀጣዩ ዙር ከመጀመሩ በፊት ሲሆን፣ በሊጉ የማይወዳደሩ ሦስት ዳኞች ምንጩን አይተው ይወስናሉ። መዋጮው ለማይክሮፎን ኪራይና ለወረቀት ብቻ ይዋል፤ ሽልማቱ ዋንጫና እራት ይሁን እንጂ ገንዘብ አይሁን፣ ቁማር እንዳይመስል።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦

በተሰጠው ሐሳብ መሠረት ለጠቅላላ ጉባኤው የሚቀርበው ጽሑፍ እንደሚከተለው ተስተካክሏል።

«ማኅበሩ በሐዋሳ ስምንት ቡድኖች የሚሳተፉበት፣ በወር ሁለት ሐሙስ ከምሽቱ 12፡30 እስከ 2፡45 የሚካሄድ የጠቅላላ ዕውቀት ሊግ እንዲያቋቁም እንጠይቃለን። ጥያቄዎቹን የማይወዳደሩ ሦስት አባላት ያዘጋጃሉ፤ እነዚሁ በዳኝነት ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ ጥያቄ በሁለት ምንጮች የተመሳከረ፣ መልሱ የተረጋገጠበት ቀን የተጻፈበት፣ ዓመት ካለበትም በሁለቱም አቆጣጠሮች የተቀመጠ ይሆናል። ከአምስቱ ዙሮች አንዱ ስለ ሐዋሳና አካባቢዋ ይሆናል፤ ጥያቄው በአማርኛ ይነበባል፣ መልስ ግን ተወዳዳሪው በሚመቸው ቋንቋ ይሰጣል። ደረጃው በሰብሳቢው ሐሳብ መሠረት በየምሽቱ ውጤት ቅደም ተከተል ይያዛል።»

መምህራችን የጂኦግራፊና የታሪክ ዙሮችን የማመሳከር ሥራ እንዲወስዱ፣ እህታችን ደግሞ ከሁለት አዳራሽ ባለቤቶች ጋር ስለ ዋጋ፣ ስለ ጄኔሬተርና ቴሌቪዥን ስለሚጠፋበት ሰዓት እንድትነጋገር በሰብሳቢው ተመድበዋል። የመዋጮው መጠን የአዳራሹ ዋጋ ከታወቀ በኋላ ይጻፋል። ማሻሻያ ያለው አባል እስከ ማክሰኞ ማታ ድረስ እዚሁ ያስፍር፤ ረቡዕ ጠዋት ታትሞ ለፊርማ ይቀርባል።