አንግስትረም በስንዝር ስንት ነው?

የፒያሳ ልጅ፦
ሰላም ወገን። ትናንት አራት ኪሎ ማኪያቶ ላይ ተቀምጠን ፊዚክስ የሚያስተምር ጓደኛዬ ስለ አንግስትረም ያወራል። እኔ ለጨዋታ ያህል «እሱ ነገር በስንዝር ስንት ይመጣል?» አልኩት። መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ እስክሪብቶ አውጥቶ ሶፍት ላይ ማስላት ጀመረ። ዜሮው በዝቶበት ሁለተኛ ሶፍት አስመጣ። ማኪያቶው ቀዘቀዘ። መልሱን ሳልሰማ ታክሲ መጣልኝና ሄድኩ። እስቲ እናንተ ጨርሱልኝ። ደግሞስ ከጣት በታች ላለ ርዝመት አማርኛችን ቃል አለው ወይ?

ቁጥር ወዳድ፦
ሶፍት አያስፈልገውም ነበር። አንግስትረም የናኖሜትር (የሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ) አንድ አሥረኛ ነው። ስሙ የመጣው ከስዊድናዊው የፊዚክስ ሊቅ ከአንደርስ ዮናስ ኦንግስትሮም ነው (በፈረንጆቹ 1814–1874)። የአተም ስፋት ለመናገር ይመቻል፤ ሃይድሮጂን አንድ አንግስትረም ገደማ ነው።

አሁን ሚሊዮን ቢሊዮኑን ተወውና በእኛው በእልፍ ቁጠር። እልፍ 10,000 ነው። አንድ ሳንቲ ሜትር ውስጥ ስንት አንግስትረም አለ? እልፍ ጊዜ እልፍ። ልክክ! ፍርፋሪ እንኳ አይተርፍም። የኔ ስንዝር 21 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ስለዚህ 21 እልፍ እልፍ አንግስትረም። ክንዴ 46 ነው፤ 46 እልፍ እልፍ። በግዕዝ አኃዝ ፼ን ሁለቴ ደርድረህ ከፊቱ ፳፩ ትጽፋለህ፣ አለቀ።

ወደ ታችም ሞክረው። ስንዝርህን እልፍ ቦታ ቁረጠው። አንዷ ቁራጭ 21 ማይክሮሜትር (የሚሊ ሜትር ሺኛ) ትሆናለች። ከአብዛኛው ሰው ፀጉር የቀጠነች ናት፣ ከቀይ የደም ሴል ግን ትሰፋለች (እሱ 7 ወይም 8 ማይክሮሜትር ነው)። ያቺኑ ቁራጭ ደግሞ እልፍ ቦታ። 21 አንግስትረም! የዲኤንኤ ውፍረት ጋ ደረስክ እኮ። ሁለቴ ቆርጠህ ብቻ።

የሸማ ተራ ልጅ፦
ነገሩ «የኔ ስንዝር» ያልከው ላይ ነው። የማን ስንዝር? ልጅ ሆኜ እናቴ መርካቶ ጨርቅ ልትገዛ ስትሄድ አጎቴን ይዛው ትሄድ ነበር። ሸክም እንዲያግዛት አይደለም፤ ክንዱ ረጅም ስለሆነ ነው። ሻጩ በራሱ ክንድ ሊለካ ሲል «ቆይ፣ በሱ ይለካ» ትላለች። አጎቴ ጨርቁን ክርኑ ላይ ያስይዝና እስከ መሐል ጣቱ ጫፍ ይስበዋል። በየክንዱ መጨረሻ ጣቱን ትንሽ ወጠር ያደርጋታል። ሻጩም የዋዛ አይደለም፣ ዓይኑን ከአጎቴ ጥፍር ላይ አይነቅልም። ያቺ ወጠር ግማሽ ሳንቲ ሜትር ብትሆን 5 ሺህ እልፍ አንግስትረም ናት። ለሷ ነው ያ ሁሉ ጭቅጭቅ።

ግዕዝ ቤት፦
እናትሽ ብልህ ናቸው። እኔ ወደ ቃሉ ልመልሳችሁ። ስንዝር በግዕዝ ስዝር ነው። አማርኛ «ሰነዘረ» የሚል ግስ አለው፤ ዱላም ይሰነዘራል፣ ሐሳብም ይሰነዘራል። ሁሉም እጅን መዘርጋት ነው። ጋት ደግሞ አራት ጣት ተገጥሞ የሚይዘው ስፋት ነው፤ «አንዲት ጋት መሬት» ስንል እሱን ነው።

ከጣት ወዲያ ግን አካላችን መለኪያ ያልቅበታል። ፀጉር አለን፤ እሱንም ለመለካት ሳይሆን ለመነቃቀፍ ተጠቀምንበት፣ «ፀጉር ስንጠቃ» እያልን። ቀጥሎ ቋንቋው እህል ውስጥ ይገባል፦ ጤፍ ታህል፣ ቅንጣት ታህል። ከዚያ ወደ ግዕዝ ይሸሻል፦ ደቂቅ፣ ረቂቅ፣ ኢምንት። እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ኢምንት ሲተረጎም «ምንም ያልሆነ» ነው። አንግስትረምን ኢምንት ማለት ስሕተት ነው፤ አለ እኮ፣ ይለካል። ደቂቅ ይሻለዋል። ደቂቃም የዚሁ ዘር ናት፣ የሰዓት ድቃቂ። ላቲኖቹም «ሚኑታ» ሲሉ ደቃቃ ማለታቸው ነበር።

የፒያሳ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ግን ጤፍ የሰውነት ክፍል አይደለችም!

ቁጥር ወዳድ፦
ሰውነት ካልክ ጥፍርህን እየው። የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ያድጋል። ለሰከንድ ሲካፈል አንድ ናኖሜትር፣ ትንሽ ከፍ ቢል ነው። ስለዚህ ናኖሜትር ማለት ጥፍርህ «አንድ» ብለህ እስክትጨርስ የሚያድገው ነው። እኔ ከዚህ የተሻለ የአካል መለኪያ አላየሁም።

የሸማ ተራ ልጅ፦
ይሄ ተመችቶኛል! ሌላ ሐሳብ ልሰንዝር፣ ጋሼ እንዳሉት። «ናኖ» በግሪክኛ ድንክ ማለት ነው። እኛ ደግሞ የተረት ስንዝሮ አለን። ናኖሜትርን ስንዝሮሜትር ብንለውስ?

ግዕዝ ቤት፦
ልጄ፣ ስንዝሮ እኮ ቁመቱ ስንዝር ነው። 21 እልፍ እልፍ አንግስትረም! እዚያ ሰፈር ከገባ ጎልያድ እሱ ነው። ጎልያድ ራሱ «ስድስት ክንድ ከስንዝር» ነበር፤ ያችን ስንዝር እንኳ አልተዉለትም።

የፒያሳ ልጅ፦
ጓደኛዬ አሁን የሶፍቱን ፎቶ ላከልኝ። ከእናንተ ጋር አመሳከርኩት። አንድ ዜሮ ጎድሎታል።