ፍም ሆኗል ብላችሁ አትመኑት፤ ለገና አገር ቤት ለምትገቡ የሰሜን ሸዋ ልጆች

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ኅዳር እየተገባደደ ነው፤ ብዙዎቻችሁ ለገናና ለጥምቀት ቲኬት ቆርጣችኋል። ሰሞኑን ስለ ሻንጣ ኪሎና ስለ ምንዛሬ ስትጠያየቁ ሰንብታችኋል፤ እኔ ስለ ከሰል ልጽፍላችሁ ነው። አምና በዚሁ ወቅት ደብረ ብርሃን፣ እናቴ ቤት ልሞት ነበር። ከቤተሰብ ውጭ ለማንም አልተናገርኩትም። ዘንድሮ ግን ስንቶቻችሁ እንደምትገቡ ሳይ ዝም ማለት ከበደኝ።

ከ11 ዓመት በኋላ ነበር የገባሁት። ደብረ ብርሃንን ታውቋታላችሁ፤ ከፍታዋ ከ2,800 ሜትር ያልፋል። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት ውርጭ ይጥልና ሣሩ ነጭ ለብሶ ያድራል። በረዶ አገር የምንኖር ሰዎች "እኛ ብርድ ለምደናል" እንላለን። አለመድንም። እዚያ ቤቱ ሞቃት ነው፤ ብርድ የሚያገኘን ከበር እስከ መኪና ነው። እናታችን ቤት ግን ብርዱ አብሮን ገብቶ ይተኛል።

እናቴ የገባሁ ዕለት ማታ ዝተት አለበሰችኝ፣ ከላዩ የፋብሪካውን ብርድ ልብስ ደረበችልኝ፣ አሁንም አልረካችም። ምድጃውን ደጅ አቀጣጠለች። ጭሱ እስኪወጣለት ቆማ ጠበቀች። ከሰሉ ቀልቶ ፍም ሲሆን ጨው ጣል አድርጋበት ወደ ክፍሌ አስገባችው፤ የአክስቴም ልጅ እዚያው መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፎ ተኝቷል። ቤቱ ሞቅ ሲል ፍሙን አመድ አልብሳ ዳፈነችው፣ የበሩን ሥር ከውጭ በጆንያ ወትፋ ሄደች። ይህን ሁሉ ያደረገችው ልጇ እንዳይበርደው ነው።

ሌሊት ራሴን እየፈለጠኝ ነቃሁ። መንገዱ ነው አልኩ። ከፍታው ነው አልኩ። ማታ የቀመስኳት ጠላ ናት አልኩ። ውሃ ልጠጣ ብዬ ስነሳ ጉልበቴ ከዳኝ፤ እግሬ የሌላ ሰው እግር ሆነብኝ። መልሼ ጋደም አልኩ። ያቺን ሰዓት ሳስባት እስከ ዛሬ ይዘገንነኛል፤ ምክንያቱም ተመልሼ የተኛሁት አማራጭ አጥቼ ሳይሆን ደስ የሚል እንቅልፍ ስለጎተተኝ ነው። እናቴ ለኪዳን ስትነሳ የአክስቴ ልጅ ሲያስመልሰው ሰማች። ጆንያውን ገፍታ በሩን ከፈተችው፤ ጎረቤት ተጠርቶ ሁለታችንንም እየጎተቱ ግቢ አወጡን። ሆስፒታል ኦክስጅን ተደርጎልን ረፋድ ላይ ነው ነፍሳችን የተመለሰው። በዚያ ሁሉ መሃል እናቴ እያለቀሰች የምትደጋግመው አንድ ነገር ነበር፦ "ጭሱ እኮ አልቆለት ነው ያስገባሁት፤ ፍም ብቻ ነበር!"

የምጽፈውም ስለዚህ ቃል ነው። ሁላችንም በዚህ እምነት ነው ያደግነው። ጭስ መጥፎ ነው፣ ፍም ንጹሕ ነው እንላለን። ጭስ ግን ዐይን ያቃጥላል፣ ያስላል፣ ሰው ሸሽቶት ይወጣል። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ጉሮሮ አይከረክር። ጭሱ ካለቀ በኋላም ቀዩ ፍም ያለማቋረጥ ያወጣዋል። ዳፍነን ስናሳድረው ደግሞ አየር አጥሮት በቅጡ ስለማይነድ ሌሊቱን ሙሉ ይህንኑ ጋዝ እየለቀቀ ያድራል። ጋዙ በደማችን ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢንን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል፤ ከያዘም ቶሎ አይለቅም። ደብረ ብርሃን ላይ አየሩ ራሱ ስስ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ባሕር ጠረፍ ላይ ከሚገኘው 70 በመቶ ገደማ ነው። ከዚያ ላይ ሲቀነስ ምን እንደሚቀር አስቡት። ነፍሰ ጡርና ሕፃን ካሉ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል።

ጨው ጋዙን አያስቀረውም። ጥግ ላይ ውሃ በሳህን ማስቀመጥም አያስቀረውም። የተመታን ሰው ወተት ማጠጣት፣ ሎሚ ማሽተት ጊዜ ማጥፋት ነው። መጀመሪያ ወደ ደጅ ማውጣት፣ ከዚያ 907 ደውሎ አምቡላንስ መጥራት ወይም በተገኘው መኪና ኦክስጅን ያለበት ቦታ ማድረስ ነው። ንጹሕ አየር ላይ ብቻ ቢቀመጥ በደሙ ካለው ጋዝ ግማሹ እስኪወጣ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል፤ በጭንብል ኦክስጅን ሲሰጠው ወደ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ይወርዳል። አንድ ነገር ልጨምር፤ ከኮሮና ወዲህ ብዙዎቻችን ጣት ላይ የሚሰካውን የኦክስጅን መለኪያ ይዘን እንገባለን። እሱ ኦክስጅንን ከዚህ ጋዝ ለይቶ አያውቅም፤ ሰውየው እየተመረዘ 98 ሊል ይችላል።

እናት ላይ መጮህ አያስፈልግም። እኔ ዘንድሮ በስልክ ያልኳት "እማዬ፣ ምድጃው ማታ ሳሎን ይሁን፣ በሩ ገርበብ ይበል፣ ልንተኛ ስንል ፍሙ ውጭ ይደር" ነው። ሙቅ ውሃ በላስቲክ ሞልቶ እግር ሥር ማድረግ እስከ ንጋት ይበቃል። ከሻንጣችሁ ደግሞ አንድ ሽቶ ቀንሱና የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ አስገቡ። መዳፍ የምታክል ዕቃ ናት።

ከመሐል ሜዳ ልጅ፦

ወንድሜ፣ እንኳን እግዚአብሔር አተረፈህ። ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ። እኔ የምኖረው ሰሜን አውሮፓ ነው፤ ነገሩ አገር ቤት ብቻ እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው የምጽፈው። እዚህ በመጣሁ በሁለተኛው ክረምት አራስ ልንጠይቅ አንድ አፓርታማ ተሰብስበን ነበር። ውጭው በረዶ፣ መስኮቱ ጥርቅም። ከሰሉ በረንዳ ላይ ተያይዞ "ፍም ሆኗል" ተብሎ ገባ፤ ልክ እናትህ እንዳደረጉት። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ግድግዳው ላይ ያለው ማንቂያ ጮኸ። አንዷ ወንበር ላይ ወጥታ ነቀለችው፣ ሲጮህ ትራስ ሥር ከተተችው፣ ሁላችንም ሳቅን። አራሷ "ራሴን አዞረኝ" ስትል የወለደች ሰው ነው ብለን አስተኛናት። ሕፃኑም እዚያው ነበር። ባለቤቷ ከሥራ ገብቶ መስኮቱን ባይከፍት ኖሮ ዛሬ ምን እንደማወራ አላውቅም።

አዲስ ለምትመጡ እህቶቼ የምለው፦ ጀበናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ አፍሉት፣ ዕጣኑን በኤሌክትሪክ ማጨሻ አጭሱት። ቡናው ያው ቡና ነው፤ ሦስተኛው ድረስ የምንቀመጠው ለጨዋታው ነው። ጣራ ላይ ያለችው የጭስ ማንቂያ ደግሞ ይህን ጋዝ አትለይም፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ከሸዋ ሮቢት ልጅ፦

ጋሼ፣ እንኳን ተረፉ። የእርስዎን ጉዳይ ላለማቋረጥ በአጭሩ። ከደብረ ብርሃን ዘመድ ጥየቃ ወደ እኛ ለምትወርዱ፦ ጣርማ በርን አልፋችሁ ደብረ ሲናን ስትወርዱ አየሩ ብቻ አይደለም የሚለወጠው። ሮቢት ከፍታዋ 1,300 ሜትር ገደማ ነው፤ ወባ አለ፤ ወቅቱም ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። "እኔ እዚያው ተወልጄ አድጌ ወባ ምን ያደርገኛል" የሚል ሰው ይበዛል። እዚያ ስትኖሩ ሰውነታችሁ ያዳበረው የመከላከል አቅም ከዓመታት በኋላ ይጠፋል፤ ውጭ አገር የተወለዱት ልጆቻችሁ ደግሞ ጭራሽ የላቸውም። መከላከያ ኪኒኑን ከመነሳታችሁ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ። ከጀመራችሁት አታቋርጡ፤ ማላሮን ከሆነ ከወባ ቦታ ከወጣችሁ በኋላ 7 ቀን፣ ዶክሲሳይክሊን ከሆነ 4 ሳምንት ይቀጥላል። አንድ ሌሊት ለማደርም ቢሆን አጎበር ውስጥ ተኙ። ተመልሳችሁ ትኩሳት ከያዛችሁ፣ ከወራት በኋላም ቢሆን፣ ሐኪሙ ሳይጠይቃችሁ "ኢትዮጵያ ነበርኩ፣ ወባ ያለበት ቦታ አድሬአለሁ" በሉ። የዚያ አገር ሐኪም ጉንፋን ነው ብሎ ሊመልሳችሁ ይችላል።

መልስ፣ ከመጀመሪያው ጸሐፊ፦

እህቴ፣ ያቺ ትራስ ሥር የገባችው ማንቂያ ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። ወንድሜ የሮቢቱ፣ ልክ ነህ፤ እኔም ጥምቀት ማግስት እወርዳለሁ፣ ኪኒኑን ዛሬ እጠይቃለሁ።

በውስጥ መስመር ስለ ማንቂያው ለጠየቃችሁኝ፦ መብራት ስለሚጠፋ ግድግዳ ሶኬት ላይ የሚሰካውን አትግዙ፤ ባትሪው ታሽጎ 10 ዓመት የሚቆየውን ፈልጉ። ጀርባው ላይ የሚያበቃበት ዓመት ተጽፏል፤ ያለፈበትን አሮጌ ማንቂያ ለቤተሰብ አትላኩ። የሚቀመጠው መኝታ ክፍል ውስጥ ነው፤ መስኮት አጠገብም መጋረጃ ጀርባም አይሁን። አንድ ነገር ግን እንድትረዱልኝ እፈልጋለሁ። በአሜሪካው ደረጃ የተሠራ ማንቂያ ጋዙ ከሚሊዮን የአየር እጅ 400 እጅ ሲደርስ ከ4 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ ይጮኻል፤ 70 ሲሆን ግን ከ1 እስከ 4 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ማንቂያ አለ ተብሎ ምድጃ መኝታ ቤት አይገባም። ማንቂያው የሚያስፈልገው አንድ ቀን ማታ ብርዱ በርትቶ ሰው ሲረሳ ነው።

ለእናቴ ባለፈው ወር በሰው እጅ አንድ ልኬላት ነበር። ጎረቤቶቿን ቡና ጠርታ የመሞከሪያውን ቁልፍ እየተጫነች አስጮኸችላቸው። አሁን ከዚያው ሰፈር ሦስት ቤት "ለእኛም" ብለዋል፣ የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛም ለጎጆው ጠይቋል። አራት ገዝቼ አስቀምጫለሁ፤ የእኔ ሻንጣ ሞልቷል። ከታኅሣሥ 20 በፊት የምትነሱና የግማሽ ኪሎ ቦታ ያላችሁ ጻፉልኝ፤ አዲስ አበባ ድረስ ብታደርሱልኝ ከዚያ ወዲያ የአክስቴ ልጅ መጥቶ ይወስዳል።