ጥቆማ፦ የአይላይነር ዊንግ ቤት ውስጥ ለማውጣት ፔን ይሻላል ወይስ ጄል? ደሴ የት ይገኛል?

የጥር ሚዜ፦
እህቶች፣ ጥቆማ ፈልጌ ነው። ጥር ላይ ሚዜ ነኝ፣ የአይላይነሩን ዊንግ፣ ያ ከዓይን ጥግ ወጥቶ ቀና የሚለውን የመስመሩን ክንፍ፣ ራሴው ቤት ውስጥ ላወጣው አስቤያለሁ። ፔን ይሻላል፣ ጄል፣ ወይስ ቀጭን ብሩሽ ያለው ፈሳሽ? ግራ ዓይኔ ላይ ሁሌ ወፍሮ ይወጣል፣ ቀኙን ከሱ ላስተካክል ስል እሱም ይወፍራል። የዓይኔ ቆብ ወዛም ነው። ደሴ የት ልግዛ? ኮምቦልቻም ከሆነ እወርዳለሁ።

የሸዋ በር ልጅ፦
ፒያሳ፣ ከፎቁ ሥር ያለችው ጠባቧ ኮስሞቲክስ ቤት። ሌላ ቦታ እንዳትሄጂ። ልጅቷ ዕቃዋን ታውቃለች፣ የያዘችው ሁሉ ኦርጅናል ነው።

ሰያፍ ብሩሽ፦
ከሱቁ በፊት ዓይነቱን እንለይ። ወዛም ቆብ ካለሽ ጄል በሰያፍ ብሩሽ ነው የምልሽ።

የፔኑ ቀለም ቀጭን ነው፣ ጫፉም እንደ ስፖንጅ ነገር። ወዝ፣ ክሬም ወይም ፓውደር ሲነካ ጫፉ ይደፈናል። ያኔ መስመሩ ዳር ዳሩ ጠቁሮ መሐሉ ገርጥቶ ይወጣል፣ ሰው ደግሞ ቀለሙ ያለቀ መስሎት ይጥለዋል። አላለቀም። ጫፉን እርጥብ ሶፍት ላይ ሁለት ሦስቴ ጎተት አድርጊው፣ ከዚያ ክዳኑን ገጥመሽ ጫፉን ወደ ታች አቁመሽ አሳድሪው። ፔን ሁሌም ጫፉ ወደ ታች ነው መቀመጥ ያለበት።

ጄል በትንሽ ብልቃጥ ይመጣል። በብሩሹ የምትወስጂው የምስር ክክ ግማሽ የሚያህል ነው፣ ለአንድ ዓይን ይበቃል። ክዳኑ ላይ ብሩሹን ግራና ቀኝ አገላብጠሽ ጠፍጣፋ እስኪሆን አሹዪው። ጄሉ ተንጠልጥሎ ከታየሽ በዝቷል፣ ክንፉን የሚያወፍረውም እሱ ነው። ስትስዪ ብልቃጡን ከፍተሽ አትተዪው፤ የሚያለሰልሰው ነገር በአየር ስለሚተን በወሩ ይደርቅና መሰነጣጠቅ ይጀምራል።

ባለ ብሩሹ ፈሳሽ ከሁሉም ጥቁር ነው፣ ጫፉም ከሁሉም ሹል ይወጣል። ግን እስኪደርቅ ጊዜ ይፈልጋል፣ እጅ ከተንቀጠቀጠ ማረሙም ይከብዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ በሰርግ ዕለት የሚሞከር አይደለም።

የሸዋ በር ልጅ፦
ጄሉም እሷ ጋ አለ።

ነጭ ጥጥ፦
እኔ የምለው ሌላ ነው። ማንም ሰው ካርቶን የሌለው ፈሳሽ አይላይነር እንዳይገዛ። ከአንድ ሱቅ ገዝቼ በሁለተኛው ቀን ቆቤ አብጦ ዓይኔ አልከፈት አለ፣ ሽፋሽፍቴ ሥር ቅርፊት ያዘ። ይዤ ስመለስ "ዓይንሽ ነው እንጂ ዕቃው ምንም የለውም" ተባልኩ። ጠርሙሱ ላይ ቀን የለ፣ የተሠራበት አገር የለ፣ ምንም።

ኮምቦልቻ 11፦
ውይ! አሁን ተሻለሽ? የት ሱቅ ነው?

ነጭ ጥጥ፦
ተሽሎኛል፣ አልሐምዱሊላህ። የሱቁ ስም ይቅር፣ እንደሱ ያለ ዕቃ አንድ ቦታ ብቻ አይደለም ያለው።

የሸዋ በር ልጅ፦
ከምላት ሱቅ ብትገዢ ኖሮ ይሄ አይደርስብሽም ነበር።

ጦሳ ሥር፦
የልጅቷ ጥያቄ ፔን ወይስ ጄል ነው። ከዚህች ሱቅ ዕቃ ሲገዛ መሳያ እጅም አብሮ ይሰጣል እንዴ?

የሸዋ በር ልጅ፦
ጥሩ ሱቅ መጠቆም ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ? ጥቆማ አይደል የተባለው?

ፋርማሲ በር፦
የነጭ ጥጥን ነገር ቀለል አድርገን አንለፈው። ለዓይን የሚሆን ዕቃ ስትገዙ የምታዩት ይሄን ነው።

ካርቶኑ ላይ ያለው ባች ቁጥር፣ ማለትም ዕቃው የተመረተበት ዙር መለያ፣ ጠርሙሱ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። ከተለያየ አስቀምጡት። ክዳኑ የተከፈተ ትንሽ የብልቃጥ ሥዕል ታገኛላችሁ፣ ውስጡ 6 ከተባለ ከተከፈተ በኋላ የ6 ወር ዕድሜ አለው ማለት ነው። ፈሳሽና ማስካራ ከ3 እስከ 6 ወር ነው፤ እርጥብ ስለሆኑና ብሩሹ ከዓይን ወደ ጠርሙስ ስለሚመላለስ ጀርም ቶሎ ይራባባቸዋል። የሚቀረጽ እርሳስ ይቆያል፣ በተቀረጸ ቁጥር አዲስ ጫፍ ይወጣዋላ። የከፈታችሁበትን ቀን በፕላስተር ጽፋችሁ ለጥፉበት።

ሱቅ ውስጥ መሞከሪያ ተብሎ የተከፈተውን እጃችሁ ጀርባ ላይ እንጂ ዓይናችሁ ላይ አትሞክሩት። ሲደርቅባችሁ ውሃ አትጨምሩበት፣ ምራቅማ በጭራሽ። ከጓደኛም፣ ከእህትም ጋር ቢሆን ብሩሽ አትዋዋሱ። ሰርግ ላይ አንዱ ፔን በአራት ሚዜ ዓይን ሲዞር ነው የዓይን በሽታ የሚዞረው።

ዓይን ከቀላ፣ ካበጠ ወይም እይታ ከደበዘዘ ዕቃውን አቁሙ፣ በንጹህ ውሃ በደንብ ታጠቡ፣ ካልተሻለ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና አለው። ከሱቅ የስቴሮይድ ጠብታ ገዝታችሁ በራሳችሁ አትጨምሩ፤ መቅላቱን ያጠፋና ውስጥ ያለውን ኢንፌክሽን ያባብሰዋል።

ዓለም ዘውድ፦
ይቅርታ በመሐል ገብቼ፣ ቅንድብ በሂና የሚሠራ የምታውቁት አለ? ሰኞ ገበያ አካባቢ ቢሆን ደስ ይለኛል።

ፋርማሲ በር፦
ዓለም፣ ተፈጥሮ ሂና ቀለሙ ቀይ ቡኒ ነው። እንደ ከሰል የሚጠቁር ከሆነ ፒፒዲ የሚባለው የፀጉር ቀለም ገብቶበት ይሆናል ብለሽ ጠርጥሪ። እሱን ዓይን አጠገብ አታስነኪው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ላሽ ሉር የሚባል የሽፋሽፍት ማቅለሚያ የሴቶችን ዓይን አሳውሯል፣ ውስጡ የነበረው ይኸው ነው። በ1938 ኮስሞቲክስን የሚቆጣጠር ሕግ እንዲወጣ ምክንያት ከሆኑት አንዱም እሱ ነበር።

ዓለም ዘውድ፦
የዱላ ኩሉስ? እናቶቻችን በሱ ነው ያማሩት፣ ዓይንም ያጠራል ይባላል። ለምን በውጭ ዕቃ እንጨነቃለን?

ፋርማሲ በር፦
ኩሉ ማማሩን ማንም አይክድም። ችግሩ ድንጋዩ ነው። ብዙ ጊዜ የሚፈጨው የሚያብረቀርቀው ጥቁር ድንጋይ የእርሳስ ማዕድን ነው፣ መርዛማው ሌድ ማለቴ ነው። ከዓይን ወደ ጣት፣ ከጣት ወደ አፍ ይሄዳል፤ ሕፃናትና እርጉዞች ላይ ደግሞ ጉዳቱ ይከፋል። አሜሪካ ኩልን ለመዋቢያ ቀለምነት አትፈቅድም። የአራስ ልጅ ዓይን መኳሉ ቢቀር ደስ ይለኛል፣ ይሄን ከልቤ ነው የምለው።

እታለም፦
ወደ ሚዜዋ እንመለስ። የኔ ሸጋ፣ የግራ ዓይንሽ መወፈር ከአሳሳሉ ነው እንጂ ከቀለሙ አይመስለኝም። ብዙ ሰው ከአፍንጫ በኩል ጀምሮ ወደ ውጪ ይጎትትና ጥጉ ላይ ሲደርስ ክንፉን ይቀጥልበታል። እንዲያ ሲሆን የሁለቱን ዓይን ክንፍ ማመሳሰል አይቻልም። ክንፉ ይቅደም፣ መስመሩ ይከተል።

መስተዋቱን ጠረጴዛ ላይ ከአገጭሽ ዝቅ አድርገሽ አስቀምጪውና ቀና ብለሽ ቁልቁል እዪበት። ቆቡ ራሱ ይዘረጋል። በጣት አትሳቢው፤ ስበሽ የሰመርሽው ቀጥ ያለ መስመር ስትለቂው ይሸበሸባል። ክርንሽ ጠረጴዛው ላይ ይረፍ፣ ትንሿ ጣትሽ ጉንጭሽን ትደገፍ።

ነጥቡን ስታደርጊ ግን ዓይንሽ ተከፍቶ ፊት ለፊት እያየሽ ነው። የታችኛው ሽፋሽፍት መስመር ወደ ቅንድብሽ ጭራ ቢቀጥል በየት ይሄዳል? በዚያ አቅጣጫ፣ ከዓይንሽ ጥግ ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር ርቀሽ አንዲት ነጥብ። በክብሪት እንጨት ለኪው፦ ጫፉን ጥጉ ላይ አድርገሽ ነጥቡ ጋ በጥፍርሽ ምልክት አድርጊበት፣ በዚያው ልክ ሌላውን ዓይን ለኪ። ሁለቱ ነጥቦች እኩል ሳይሆኑ መስመር አትጀምሪ።

ከዚያ ቁልቁል እያየሽ ከነጥቡ ወደ ጥጉ ሳቢ። ተመልሰሽ ከነጥቡ እስከ ላይኛው ሽፋሽፍት መሐል ሌላ ቀጭን መስመር። ባዶ ሦስት ማዕዘን ይወጣል፣ ሙዪው። የቀረውን ከአፍንጫ በኩል እስከ መሐል ድረስ በአጫጭር ጭረት ቀጥዪው፣ ሽፋሽፍቱ ሥር ተጣብቆ፣ እንደ ክር ቀጥኖ። በመስመሩና በሽፋሽፍቱ መሐል ቆዳ ከታየ በፎቶ ላይ ይታወቃል።

ግራው ካስቸገረሽ በግራው ጀምሪ፣ ቀላሉን ዓይን ከአስቸጋሪው ጋር ማስማማት ይሻላል። ሲወፍርብሽ ደግሞ በሌላው ላይ አትጨምሪ፣ ከዚህኛው ቀንሺ። የጆሮ ማጽጃ ጥጥ በሚሴላር ውሃ (ሜካፕ ማስለቀቂያው ውሃ) ንከሪና በጣትሽ ጨምቀሽ ጫፉን አሹዪው፤ ከክንፉ ሥር ከጥጉ ጀምረሽ ወደ ላይና ወደ ውጪ አንዴ ጥረጊ። ጥጡ ውሃ ከበዛበት ቀለሙ ሟሙቶ ግራጫ ጭስ ይሆናል። አንዴ የጠረግሽበትን ጎን አትድገሚው፣ ገልብጪው።

የጥር ሚዜ፦
እታለም እግዜር ይስጥልኝ፣ ዛሬ ማታ እሞክረዋለሁ። ስኮች ለጥፊበት ያሉኝም አሉ፣ ይሆናል?

እታለም፦
ይሆናል፣ ግን መጀመሪያ እጅሽ ጀርባ ላይ ሁለት ሦስቴ ለጥፈሽ አንሺው፣ ሙጫው ይድከም። የዓይን ዙሪያ ቆዳ ስስ ነው። ሽፋሽፍት እንዳይዝ አድርገሽ ከዓይንሽ ጥግ ወደ ቅንድብ ጭራ ለጥፊ፣ ቀለሙ ሲደርቅ በዝግታ አንሺ። በፈሳሽ ከሆነ ዳር ዳሩን በስሱ ነው፤ ከበዛ በስኮቹ ሥር ሰርጎ ይገባል።

ጦሳ ሥር፦
ቆቧ የሚታጠፍ ከሆነስ? ዓይን ሲከፈት እጥፋቱ ክንፉን ይቆርጠዋል፣ ተጨፍኖ ሲታይ ያማረው ሲከፈት ይሰበራል። እንዲህ ያለ ዓይን ያላት ዓይኗን ከፍታ ፊት ለፊት እያየች በእጥፋቱ ላይ ቀጥ አድርጋ ትሳለው። ስትጨፍን የደረጃ ቅርጽ ይወጣዋል፣ ያ ልክ ነው፣ እንዳታስተካክለው። መስመሩም ይቅጠን፣ ቆቡ ላይ ቦታ ስለሌለ።

ኮምቦልቻ 11፦
ሰርጉ የት እንደሆነ ማንም አልጠየቃትም! ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ አየሩ ሌላ ነው። ደሴ ጥር ማለዳ ላይ የሚቀረጸው የዓይን እርሳስም ጄልም ይጠጥራል፤ ጠጥሮ ሲሳል ቆዳ ይጎትታል፣ መስመሩም ይቆራረጣል። እርሳሱን ክዳኑን ሳትከፍቺ በመዳፍሽ አንድ ደቂቃ አሽከርክሪው። ወደ እኛ ሲወረድ ግን ተቃራኒ ነው። ለስላሳ እርሳስ በሙቀት መቅረጫው ውስጥ ይላላል፣ ጫፉ አይሾልም፤ ከመቅረጽሽ በፊት 10 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ።

ለወዙ፦ ከመሳልሽ በፊት ቆቡን በሶፍት ተጫኚው፣ አትሺው። ከዚያ ፕራይመር (ቀለሙን የሚያስይዝ ከሥር የሚቀባ) ወይም ጠብታ ኮንሲለር (የቆዳ ቀለም ያለው መሸፈኛ)፣ በላዩ ስስ ፓውደር። ጄሉን ስትጨርሺ 60 ሰከንድ ቁልቁል እያየሽ ቆዪ። ቶሎ ቀና ካልሽ እጥፋቱ ላይ ማህተም ያትማል። ከደረቀ በኋላ ጥቁር አይሻዶ በዚያው ሰያፍ ብሩሽ ጠቅ ጠቅ አድርጊበት፣ ወዙን እሱ ይጠጣዋል።

የሸዋ በር ልጅ፦
ጥቁር አይሻዶውም ፒያሳ አለ። ተራ ነገር አይደለም፣ እኔ የሌላ ሰው ዕቃ አላምንም።

ነጭ ጥጥ፦
የሸዋ በር ልጅ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እዚያ ካርቶኑ ላይ ባች ቁጥር አይተሽ ታውቂያለሽ?

የሸዋ በር ልጅ፦
አላየሁም። ልጅቷን ስለማምናት ነው። ነገ ሳልፍ አይቼ እነግራችኋለሁ።

ሰያፍ ብሩሽ፦
እሱ ይጠቅመናል፣ በእውነት። ፎቶ ብትለጥፊልን ደግሞ በጣም ጥሩ ነው። ስለ ማስለቀቁ ግን ማንም አላነሳም። ዋተርፕሩፍ ከሆነ በውሃና በሳሙና አይለቅም፣ መፈግፈግ ብቻ ይሆናል። ቅባት ያለው ማስለቀቂያ ወይም ጥቂት ቫዝሊን ጥጥ ላይ አድርገሽ የተጨፈነው ዓይን ላይ ለ15 ሰከንድ አሳርፊው። ከዚያ ወደ ታች አንዴ ጥረጊ። ቅባቱ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ፣ በመጨረሻም ፊት መታጠብ አይረሳ።

ሐይቅ ዳር፦
እኔ ኒቃብ ነው የምለብሰው። ሁሌ ከዓይኔ ሥር ይጠቁርብኛል፣ የትኛውን ምርት ልቀይር?

እታለም፦
እህቴ አብሽሪ፣ ምርት ከመቀየርሽ በፊት ይሄን ሞክሪ። ትንፋሽሽ ከኒቃቡ ሥር ወደ ላይ ይወጣና የታችኛውን ቆብ ያረጥበዋል፣ የጨርቁ ጠርዝ ደግሞ በላዩ ይሄዳል። ስለዚህ ከታች ምንም አትኳዪ፣ ከሽፋሽፍቱ ውስጥ ያለውን እርጥብ ጠርዝም ተዪው፤ እዚያ ላይ የዓይን ቅባት የሚያወጡ ቀዳዳዎች አሉ፣ ኩል ይደፍናቸዋል። የላይኛውን ብቻ ሳዪ። ክንፉን ወደ ጎን አታስረዝሚው፣ ጠርዙ ይበላዋል፤ 3 ሚሊሜትር ይበቃል፣ ወደ ላይ ቀና ያለ። ደግሞ ኒቃቡን ቀድመሽ ልበሺና ከዚያ ሳዪው። ከተሳለ በኋላ ሲለበስ ነው መጀመሪያ የሚነካካው።

ሐይቅ ዳር፦
ማሻአላህ፣ ቀድሞ መልበሱን አስቤው አላውቅም። ጀዛኪላህ።

ኮምቦልቻ 11፦
ሚዜዋስ? የትኛውን ገዛሽ?

የጥር ሚዜ፦
ክብሪቱን ሞከርኩት፣ ሁለቱ ነጥቦች እኩል መጡ! አንድ ነገር ብቻ፦ ሰው ሠራሽ ሽፋሽፍት የምለጥፍ ከሆነ ከክንፉ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

እታለም፦
በኋላ። መስመሩ ደርቆ ሲያልቅ። ሙጫውን ቀብተሽ 30 ሰከንድ ጠብቂ፣ እንዲጣበቅ። የሙጫው ነጭ ከታየ በዚያው ጄል ሥሩን ብቻ ነካ ነካ አድርጊው።