የዕቃ ቤቱ ጥገና፦ ሁለተኛው ረቂቅ ላይ የተደረገ ውይይት

ሰብሳቢ፦ የማኅበራችን አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የደብራችን ዕቃ ቤት (ንዋየ ቅድሳቱና ብራናው የሚቀመጥበት ባለ ፎቅ ቤት) የጥገና ዕቅድ ለሀገረ ስብከቱና ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ከመግባቱ በፊት እዚሁ እንጨርሰው። የመጀመሪያው ረቂቅ የሚለው አጭር ነው። የፎቁ እንጨት በሙሉ ይውረድ፣ በባሕር ዛፍ ይተካ፣ ግድግዳው በሲሚንቶ ይለሰን፣ የብረት በር ይግባ። የማትስማሙበትን ጻፉ። «ጥሩ ነው» ብሎ ማለፍ ዛሬ አይሠራም።

አናጺው፣ ባሕር ዳር፦ እኔ አልስማማም። ለጥምቀት ስሄድ ገብቼ አይቼዋለሁ። 8ቱም ምሰሶ የሐበሻ ጥድ ነው። በምሳር የተጠረበ እንጂ መጋዝ ያየ አይደለም። በመሮ እየወጋሁ ሞከርኩት። የ3ቱ እግር ቅቤ ሆኗል። ከጉልበት በላይ ግን መሮው አልገባም አለ። የቀሩት 5ቱ ምንም አልሆኑም። እና ለ3 እግር ብለን ቤቱን በሙሉ እናውርድ? ጥፋቱ እኮ የእንጨቱ አይደለም። ጣሪያው ከሣር ወደ ቆርቆሮ ሲቀየር ክፈፉ አጠረ፣ አሸንዳም አልተደረገለትም። ክረምት በመጣ ቁጥር ውኃው ግድግዳው ሥር ይተኛል። መጀመሪያ ውኃውን ነው ማባረር።

አባል፣ ሲያትል፦ ወንድሜ፣ የምትለው ገብቶኛል። ግን እዚህ ብር የምናሰባስበው እኛ ነን። ሰው «አዲስ ተሠራ» ሲባል ነው እጁ የሚፈታው። የተቀጠለ የምሰሶ እግር ማን ፎቶ ያነሳዋል? ደግሞ ምስጡስ?

አናጺው፦ ምስጥ የጥድን ልብ አይደፍርም። ቀዩን፣ ሽታ ያለውን የውስጡን ማለቴ ነው። ነጩን የዳሩን ይበላዋል። ስለዚህ አዲስ የምንቀጥለውም ከልቡ መሆን አለበት። ባሕር ዛፍ ከገበያ የሚመጣው እርጥብ ነው። ተሸክሞ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። በእኛ ሙያ ልማዱ ለአንድ ኢንች ውፍረት አንድ ዓመት ማድረቅ ነው። ለወፍራም ወጋግራ አስቡት። ያን ያህል የሚጠብቅ ማን አለ?

አሠራሩ እንዲህ ነው። ወጋግራውን በድጋፍ እንጨት እንይዛለን፤ ባሕር ዛፉ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ከዚያ የበሰበሰውን እግር በሰያፍ እንቆርጣለን። አዲሱን የጥድ እግር በዚያው ሰያፍ አስተካክለን እናጋጥምና በደረቅ የወይራ ችንካር እንቸነክረዋለን። ሚስማር አልፈልግም። እግሩ አፈር ውስጥ አይቀበርም፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይቆማል። ፎቶውንም አትስጋ። ንጹሕ ግጥምጥም ሲያዩት ደስ ይላል።

መሐንዲሷ፣ አዲስ አበባ፦ ጋሼ በተናገሩት ላይ ልጨምር። ሲሚንቶው ከዕቅዱ ይውጣ። ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ ነው። ጭቃ የገባበትን እርጥበት መልሶ ያወጣል። ከላይ በሲሚንቶ ከለሰንነው ግን ውኃው መውጫ ያጣል፤ የሚሄደውም ግድግዳው ውስጥ ወደተጋደሙት እንጨቶች ነው። ላሊበላ አካባቢ ያለውን የይምርሐነ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ያየ ሰው እንጨትና ድንጋይ እንዴት እየተደራረበ እንደሚሠራ ያውቃል። የእኛም ዕቃ ቤት በአቅሙ ያንን የመሰለ ማሰሪያ አለው። የእንጨት እርጥበት ከ20 በመቶ በላይ ሆኖ ከቆየ መበስበሱ አይቀርም። ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፣ ፋሲል ግቢን እዩ። ድሮ በሲሚንቶና በአርማታ የተጠገነው እየተነሣ በኖራ ነው የተተካው። ለእኛ የጭድ ጭቃ ይበቃናል፣ ከላዩ ኖራ። የሲያትሎቹ መላክ የምትፈልጉት ዕቃ ካለ የእንጨት እርጥበት መለኪያ ላኩልን። ትንሽ ነች፣ ኪስ ትገባለች።

አባል፣ ጅዳ፦ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ብትቀቡትስ? የአባቴ ቤት በሱ ነው እስከ ዛሬ የቆመው።

መሐንዲሷ፦ ለአጥር ይሆናል። እዚህ ግን ብራና ነው የሚቀመጠው። ይሸታል፣ የነካውን ያቆሽሻል፣ ጧፍ በሚበራበት ቤት ደግሞ እሳት ይጋብዛል። ይቅርብን።

መሪጌታ፣ የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ፦ ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ሦስት ነገር ልበላችሁ። አንደኛ፣ ከቅጥሩ ዛፍ አይቆረጥም። የአባቶቻችን ቃል አለበት። ከመንግሥት ደን እንዳይባል ደግሞ ጥድ፣ ዝግባ፣ ኮሶና ዋንዛ ኋላ በተሻረው በ1986ቱ የደን አዋጅ እንኳ በስም ተጠቅሰው ተከልክለው ነበር። ግን ነፋስ የጣለው አንድ ጥድ አለን። ካቻምና ነው የወደቀው፣ ጥላ ሥር ተኝቷል። ጉባኤው ሊሸጠው ነበር። ሁለተኛ፣ ንዋየ ቅድሳቱን የሚነካው ካህን ብቻ ነው። ሠራተኛ ከመግባቱ በፊት እኛ ቆጥረን፣ መዝግበን ወደ ቤተልሔሙ (የቁርባኑ ኅብስት ወደሚዘጋጅበት ቤት) እናዛውራለን። ሦስተኛ፣ መዝጊያውን እንዳትነኩብኝ።

አባል፣ ሲያትል፦ መሪጌታ፣ ይቅርታዎትን፣ በሩ ላይ እኔ እጸናለሁ። የብራና ሌባ በየአገሩ የሚዞርበት ዘመን ነው። ያን አሮጌ እንጨት በአንድ ርግጫ ይጥሉታል።

አናጺው፦ አይጥሉትም። መዝጊያው ሁለት ወፍራም የዋንዛ ሳንቃ ነው። ማጠፊያ የሚባል ነገር የለውም። ከራሱ ሳንቃ ላይና ታች የወጣ ጉጥ አለ፤ የላዩ ጉበኑ ውስጥ፣ የታቹ መድረኩ ውስጥ ገብቶ ይዞራል። የተበላው የታቹ ጉጥ ነው። ለዚህ ነው እየጎተተ የሚከፈተው። እሱን አድሼ ከሥሩ ጠንካራ የወይራ ማረፊያ ባደርግለት በልጅ እጅ ይከፈታል። እንዲህ ያለ መዝጊያ ዛሬ የሚሠራ ብትፈልግ አታገኝም። ከዐዋቂዎቹ የቀረን ናሙናው ነው።

መሐንዲሷ፦ አስታራቂ ሐሳብ አለኝ። መዝጊያው ባለበት ይቆይ። ከውስጥ በኩል መቃኑን ሳንበሳ የብረት ፍርግርግ እንግጠም። ነገ ቢነሣ እንጨቱ ላይ ምልክት አይተውም።

አባል፣ ሲያትል፦ በዚህ እስማማለሁ። የፍርግርጉን ወጪ እኛ እንችላለን።

ገንዘብ ያዥ፦ ኧረ ወጪው ቀነሰ እኮ! የባሕር ዛፉና የሲሚንቶው ከወጣ ትልቁ የአናጺ ቀን ምንዳ ነው የሚሆነው። ጥዱን ግን ጉባኤው በነጻ ይስጠን አልልም። በገበያ ዋጋ እንግዛው፤ ብሩም ለደብሩ ይግባ።

መሪጌታ፦ ይህ ደግ ነው።

ሰብሳቢ፦ እንግዲህ ረቂቁን እንዲህ አስተካክዬዋለሁ።

«ማኅበሩ ከሰበካ ጉባኤው ጋር በመሆን የዕቃ ቤቱን ጤነኛ እንጨት በቦታው ለማቆየት አቅዷል። በቅድሚያ ክፈፉ ይረዝማል፣ አሸንዳና የውኃ መውረጃ ቦይ ይሠራል። ቀጥሎ የ3ቱ ምሰሶዎች የበሰበሰ እግር ተቆርጦ በደረቅ ጥድ ይቀጠላል። የፎቁ ርብራብ አንድ በአንድ ተፈትሾ የተበላው ብቻ ይለወጣል። ልስኑ በጭድ ጭቃና በኖራ ይሆናል። ነባሩ መዝጊያ ይታደሳል፣ ከውስጥ የሚነሣ ፍርግርግ ይገጠማል። እያንዳንዱ እንጨት ከመነሣቱ በፊት ፎቶ ይነሣል፣ ቁጥር ይጻፍበታል።»

አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ መጠገን ስለማይፈቅድ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ በእጃችን ሳይገባ አንድም እንጨት አይነቀልም። ይህንንም ጽፌበታለሁ። ሥራው ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ይሁን ብያለሁ።

አናጺው፦ «በደረቅ ጥድ» ያልከው ላይ «ከልቡ የተወሰደ» የሚል ጨምርበት። አለበለዚያ ነጩን ያመጡብኛል። ሁለት ልጅ እግር ረዳትም ይመደብልኝ፣ ከዚያው ከሠፈሩ። ምሳር የመያዝ ልምድ ያላቸው ቢሆኑ ይመረጣል።

ገንዘብ ያዥ፦ የአሸንዳውን ዋጋ ከደብረ ታቦር ገበያ የሚያጣራልኝ ሰው እፈልጋለሁ። የኖራውንም ጭምር።

መሪጌታ፦ እኔ አጣራለሁ። ጉባኤው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይቀመጣል። ወረቀቱን እስከ ዓርብ አድርሱልኝ፣ በትልልቅ ፊደል ይሁን።